የመምሬ ገብረ አምላክ ማሰሮ

በስምንት ዓመቴ አንድ ካህን ጠልቼ ነበር።

መምሬ ገብረ አምላክ ይባላሉ። የአባቴና የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት «እርስዎ» እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። ዛሬ ሰባን አልፌ፣ ሰቆጣ ልጄ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ይህን ስናገር እንኳ ያሳፍረኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ያኔ ምክንያት ነበረኝ። ያውም ጥሩ ምክንያት መስሎኝ ነበር።

መንደራችን ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አሥራ ሁለት አባወራዎች የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ አንዱ ቤት ይደገሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። ጽዋ የምንለው ባለ ሁለት ጆሮ የሸክላ ዕቃ ነው። መምሬ ባርከው ያስጀምሩታል፤ ከእርሱ ማኅበርተኛው ሁሉ አንዳንድ ጉንጭ ይጎነጫል፤ እኛ ልጆች እንኳ ለበረከት ከንፈራችንን እናስነካለን። አባቴ ብቻ ጽዋው ሲደርሰው ጠርዙን ተሳልሞ ለጎረቤቱ ያሳልፈዋል። ከዚያ የራሱን ዋንጫ ያነሳል። ዋንጫው ውስጥ ውሃ ነው።

አባቴ ደሴ ይባላል። ረጅም ነው፣ ድምፁ ያምራል፣ በሥራም የሚስተካከለው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ከወንዶች መሀል ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። የማኅበሩ አለቃ፣ እኛ «ሙሴ» የምንለው፣ አያ አስማረ ነበሩ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ አባቴን የሚወዱ ሽማግሌ። በየወሩ አንድ ቀልድ አያጡለትም። «ደሴ፣ በሬዎችህ እንኳ አተላ ይቀምሳሉ፤ አንተ ከነሱ በታች ሆንክ?» ይሉታል። ሰው ይስቃል። አባቴም ይስቃል፣ ጆሮው ግን ይቀላል። ጆሮውን የማየው እኔ ነኝ።

ለምን እንደማይጠጣ አውቅ ነበር። መምሬ ገዝተውታል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው፣ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ሦስት ዓመት ጠላም ሆነ ጠጅ ሆነ አረቄ እንዳይቀምስ በሚካኤል ስም ገዝተውታል። ግዝት ያፈረሰ ሰው አይቆርብም፣ ሲሞት አይፈታም፤ ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ለምን እንደገዘቱት ግን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ለራሴ መልስ አበጀሁ፤ ክፉ ስለሆኑ ነው።

የማውቀው ይህን ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ቦራ የሚባለው በሬያችን ታሞ ሞተ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከምድጃ ስትነሳ ወድቃ የግራ እጇን አጥንት ሰበረች፤ ወጌሻ መጥቶ በሸንበቆ አሰረላት። እጇ እስኪድን ብለን እኔና እርሷ ወደ ቆላ ወረድን፣ አበርገሌ፣ ኒሯቅ አጠገብ ወዳሉት ወገኖቿ። ለእኔ እንደዚያ ያለ ደስታ አልነበረም። የፍየል ወተት እንደ ልብ ነው፣ ሙቀቱ ልብስ ያስጥላል፣ አክስቴ ጸሐይነሽ የማር እንጀራ እየቆረሰች ታጎርሰኛለች። አንድ ቀን መምሬ ገብረ አምላክ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ ላብ በላብ ሆነው መጡ። ከዛፍ ሥር ከእናቴና ከወገኖቿ ጋር ቀኑን ሙሉ አወሩ። ቤታችን የሚነገረው ኽምጥኛ ነው፤ መምሬ ግን የላስታ ሰው ስለሆኑ የጠበቀ ነገር ሲመጣ ወደ አማርኛ ያዞሩታል። የእኔ አማርኛ ያኔ የገበያ አማርኛ ነበር። «በሬ» የሚለውን ሰማሁ፣ «እጄ» የሚለውን ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ደጋ ተመለስን። በልጅ ዐይኔ እኚህ ሰው ከወተቱና ከማሩ ነጥለው አመጡኝ፤ ስንመለስ ደግሞ አባቴን ገዘቱት።

ኋላ፣ እኔም አግብቼ ወልጄ፣ እናቴ አንድ ቀን ጥጥ እየፈተለች ነገረችኝ። በሬው አልታመመም። አባቴ ከሠርግ ቤት ሰክሮ ሲመለስ፣ መስክ የዋለውን በሬ እየጎተተ በገደሉ አቋራጭ አመጣው፤ በሬው ገደል ገባ። እናቴም አልወደቀችም። «ቤቴን በመጠጥ ፈታኸው» ስትለው በዱላ መታት። ቆላ የወረድነው ልትፈታው ነው። ከዛፉ ሥር የተናገረችውም ይህን ነው፤ «በሬው ይቅር፣ እጄም ይቅር፣ መጠጡ ካልቀረ ግን አልመለስም። ከቀመሰ ያን ቀን እወጣለሁ፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አልሰማም።» ግዝቱ የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ስትነግረኝ ቂም አልነበረባትም። እንዝርቷን በቀኝ እጇ እያሾረች ነበር፤ የግራው አንጓ እስክትሞት ድረስ እንደ ልብ አልታጠፈላትም።

ወደ ጥላቻዬ ልመለስ።

ጥላቻዬ የባሰበት በመስከረም ነው። መምሬ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡና እናቴ የሚጠጣ አቀረበችላቸው። የጠላው ጋን ከደጃፉ አጠገብ ቆሞ ሳለ እርሷ ግን ጓዳ ገባች፤ ከእህል ማስቀመጫው ኋላ ትንሽ ጥቁር ማሰሮ አወጣች፤ ከእርሷ በቀንድ ዋንጫ ቀዳች። ሰጥታቸው ስትመለስ ማሰሮዋን መልሳ ሸሸገቻት። ይህን ከዚህ በፊትም አይቼ ነበር፣ ልብ ብዬው ግን አላውቅም። እሳቸው ሲሄዱ ዋንጫውን ላጥብ ወሰድኩትና ከሥሩ የቀረችውን ጠብታ ላስኳት።

ጣፋጭ ነበረች።

ቆሜ አሰብኩ። ጠላ መራራ ነው፤ ይህ ግን ማር ማር ይላል። ከማር የሚሠራ መጠጥ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ጠጅ። ጠጅ ቀምሼ አላውቅም፤ ጠጅ የባላባት ቤት ነው። እንግዲህ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ይህ ካህን አባቴን ከጠላ እንኳ ከልክሎ፣ እርሱ በእኛው ቤት፣ በእኛው ማር፣ በድብቅ ጠጅ ይጠጣል። እናቴ ደግሞ ፈርታው ትቀዳለታለች። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ለአባቴ ነው።

ኅዳር ሚካኤል ተራው የእኛ ነበር። እናቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን ፈጭታ ሁለት ጋን ጠመቀች። አክስቴ ጸሐይነሽም ከአበርገሌ አንድ ቅል ነጭ ማር ላከች። በዋዜማው አያ አስማረ መጥተው ከአባቴ ጋር በረቱ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። «ሁለት ዓመት ጠብቀሃል፣ ይበቃል። ነገ በገዛ ድግስህ፣ በሚካኤል ፊት፣ ማኅበሩ ሁሉ ይለምንልሃል። መምሬ እንቢ አይሉም። ተነስተህ ይፍቱኝ በል ብቻ።» አባቴ መሬቱን በእግሩ ጫረ። ከዚያ «እሺ አያ፣ እላለሁ» አለ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ በጓሮ በኩል ገለባ ትሰበስብ ነበር፤ መስማቷን አላወቅሁም።

እኔ ግን መምሬን አላመንኳቸውም። እንቢ ቢሉስ? ስለዚህ የራሴን መላ መታሁ። በበዓሉ ጠዋት ሁሉም ቅዳሴ ሳሉ፣ እናቴም ደጅ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ስታማስል፣ ጓዳ ገባሁ። የትንሿን ማሰሮ ጠጅ በአንድ ቅል ገለበጥኩት። ማሰሮዋን ከጋኑ ጠላ፣ ያውም ከላይ ከሚፈላው፣ ሞላኋት። መምሬ እንደ ሰው ጠላቸውን ይጠጣሉ፤ ጠጁን አባቴ ይጠጣል። ግዝቱ ጠጅንም እንደሚጨምር በደንብ አውቃለሁ። ግን የገዘተው ራሱ በድብቅ የሚጠጣውን ነገር አባቴ ቢጠጣ ሚካኤል የሚፈርደው በማን ላይ ነው? እንዲህ ብዬ ተከራከርኩ፣ ራሴም ፈረድኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር እላችኋለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ በመደቡ ዙሪያ፣ ሴቶቹ ወደ ጓዳው በር ተሰብስበው ተቀመጡ። መምሬ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እናቴ እጇ ስላልተመቻት ከትልልቆቹ እንስራዎች የሚቀዳ ሰው ይዛለች፤ ለእኔ ግን በጆሮዬ «ለመምሬ ከትንሿ ማሰሮ ቅጂላቸው፣ ለሌላ እንዳትሰጪ» አለችኝ። በእኛ አገር የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ ክፉ ነገር የሌለበት መሆኑን ማሳያ ነው። በመዳፌ ጠብ አደረግሁና ቀመስኩ፤ ጌሾው ምላሴን ነከሰኝ። ቀዳሁላቸው። ከዚያ ቅሌን ይዤ ወደ አባቴ ሄድኩ፤ የውሃ ዋንጫውን ደፍቼ ጠጁን ሞላሁለት። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበር ልብ አላለኝም።

መምሬ ዋንጫውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጠርዙ ጢማቸውን ሊነካ ሲል ቆመ። አሸተቱ። ከዚያ ዐይናቸውን አነሱና እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አላፈርኩም። ዋንጫውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በመዳፋቸው ከደኑት።

«ምነው መምሬ» አሉ አያ አስማረ፣ «የማንጠግቦሽ ጠላ አልፈላም?» ማንጠግቦሽ እናቴ ናት።

«ፈልቷል አያ። ዛሬስ ከቀን ሁሉ የበለጠ ፈልቷል።»

እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቀና ስትል አየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

አያ አስማረ ነገሩን ለዋናው ጉዳይ መግቢያ አደረጉት። «መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጌታችን ቃና ላይ ሠርግ ተጠርቶ ወይኑ ሲያልቅ ምን አደረገ?»

«ውሃውን ወይን አደረገው።»

«ስንት ጋን?»

«ስድስት።»

«ስድስት ጋን! እንግዲህ ጌታ ራሱ ስድስት ጋን ካቀረበ፣ የሚካኤል ጽዋ ለደሴ እንዴት ይከለከላል? ጽዋው ጠላ ነው ብለን ነው? በረከት አይደለም?»

«በረከት ነው» አሉ መምሬ። «እኔ መጠጥ ኃጢአት ነው ብዬ አላውቅም፤ ይኸው እናንተ ስትጠጡ ተቀምጫለሁ። ኖኅን ግን አይርሱት። ጻድቅ ሰው ነበር፤ ሰክሮ ራቁቱን ተኛ።»

«ኖኅማ ማኅበር አልነበረውም። ለብቻው ስለጠጣ ነው።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ መምሬም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እንዲህ አሉ፦ «እርስዎ አያ አስማረ፣ ሦስት ዋንጫ ሲጠጡ ይዘፍናሉ። ደሴ ሦስት ሲጠጣ አራተኛውን ፍለጋ ይወጣል። የአንድ ሰው ሕመም ላይ ማኅበር ድምፅ አይሰጥም። ራሱ ይናገር።»

«ይናገራ። ደሴ፣ ተነስ።»

አባቴ ተነሳ። ከመናገሩ በፊት ዋንጫውን አንስቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፤ ውሃ መስሎታል። ቆመ። እንደገና ቀመሰ። ወደ ዋንጫው ውስጥ አየ፣ ከዚያ በእጄ ወዳለው ቅል አየ።

«ይህን ከየት ቀዳሽው?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

የጠበቅሁት ሰዓት ደረሰ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማኅበሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ከመምሬ ጠጅ ነው» አልኩ። «እናቴ በድብቅ የምታስቀምጥላቸው። አንተን ከልክለው እሳቸው ይጠጣሉ። ዛሬ አንተ ጠጣ።»

አያ አስማረ እጃቸውን ዘርግተው ዋንጫውን ከአባቴ ተቀበሉና ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ይህ ጠጅ አይደለም» አሉ። «ብርዝ ነው። የማር ውሃ። ከፈላ ጣቴን ቁረጡት።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የአያ አስማረ ባለቤት ታይቱ ናት። አያ ወደርሷ ዞሩ።

«አንቺ፣ በእኛ ቤት ለመምሬ የምትቀጂላቸው ምንድን ነው?»

ታይቱ መሬት መሬት አየች። «ውሃ።»

«ውሃ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለች፤ ሳቅና እንባ ተናንቋት። «የሁላችንም ቤት እንደዚያው ነው። ወለተ ሰንበት የተልባ ውሃ ትሰጣቸዋለች። ማንጠግቦሽ ብርዝ። አደራ ብለውናል።»

አሥራ ሁለት ወንዶች አሥራ ሁለት ሚስቶቻቸውን አዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ እነዚህ ሴቶች በቀንድ ዋንጫ ውሃ እየቀዱ፣ አንዲቷም ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። እኔ እስከዛሬ ከዚያ የበለጠ ምስጢር ጠባቂ አላየሁም። መምሬ ገብረ አምላክ ደግሞ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ በአገሩ የታወቁ የጠላ ወዳጅ ነበሩ። የእናቴን ጠላ ሲጠጡ በጢማቸው ላይ የቀረውን በሁለት ጣት ጨምቀው ይልሱት ነበር አሉ።

አባቴ ዋንጫውን ከአያ አስማረ ተቀብሎ ቤቱን አቋርጦ ሄደ። ከመምሬ ፊት ተንበረከከና ብርዙን በእጃቸው አስያዛቸው። ከጉልበታቸው ላይ ደግሞ የጠላውን ዋንጫ አነሳ።

አሁን ጠላው በአባቴ እጅ ነው። አረፋው ከጠርዙ ይታየኛል። ሁለት ዓመት ያልቀመሰው ነገር ከአፍንጫው ሥር አንድ ስንዝር ላይ ነበር፤ ትንሽ በአንጓው ላይ ፈሰሰበት። እናቴ ከጓዳው በር አልተነቃነቀችም። እኔ በልቤ «ጠጣ፣ ጠጣ» እል ነበር። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ትዝታ የለኝም።

አባቴ ተነሳና ዋንጫውን ለአያ አስማረ ሰጣቸው። «ይህን እርስዎ ያንሱልኝ፣ አያ። የምለው ነገር ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ።»

አያ አስማረ ዋንጫውን ያዙት እንጂ ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለዱም።

ምግቡ አልቆ እጅ ሲታጠብ ለመምሬና ለአባቴ ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ። ደጅ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ቆመዋል። መዠለጤን እየጠበቅሁ ውሃውን በእጃቸው ፈንታ በእግራቸው ላይ አፈስሳለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ አባቴ።

«ስገዝትህ ያልከኝን ረሳኸው? ‹እርስዎ ቢሆኑ ይችሉት ነበር ወይ› አልከኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው እኔም እንጃ። ስለዚህ ሞከርኩት።»

«ቻሉት?»

«በመጀመሪያው ዓመት የሠርግ ቤት በር ላይ ስደርስ መንገድ እቀይር ነበር» አሉ መምሬ። «ብነግርህ ደግሞ ለእኔ ብለህ ትጠብቀው ነበር። እኔ የፈለግሁት ለራስህ ብለህ እንድትጠብቀው ነው።»

አባቴ እጁን በጋቢው ጫፍ አደረቀ። «ዛሬስ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባቴ። አልዋሽም። ከነገ ጀምሮ ለራሴ እሞክራለሁ።»

«ዛሬንም ሚካኤል ይቀበልሃል» አሉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንቺ እናትነሽ፣ ልታስገድፊኝ ነበር እኮ። በጣም ነው የምትጠይኝ?»

«አዎ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጉረጠርጪብኝ አይቻለሁ። ለአባትሽ ብለሽ ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር።» መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። እኔም ተሳለምኩ፤ ከዚያ ወዲያ በልቤም «እርስዎ» ሆኑ።

ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ መምሬ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አባቴን ፈቱት። እኔም እዚያው ነበርኩ። አባቴ «ግዝቱን ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት፤ በራሳቸውም ላይ ደገሙ። ሁለቱም እስኪሞቱ በየሦስት ዓመቱ እንዲሁ ሲደጋገሙ ኖሩ። በመሀሉ አባቴ አንድ ጊዜ ወድቋል፤ ሰቆጣ ገበያ ማክሰኞ ቀን። ያን ዕለት በእግሩ ቀጥ ብሎ መምሬ ዘንድ ሄደ፣ ንስሐውን ተቀበለ፤ እናቴም ራሷ ደጃፍ ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። ሰው ነው እንግዲህ። ይህን የምነግራችሁ መልአክ ነበር እንዳትሉ ነው።

የዚያን ቀን ግን ገና አላለቀም። ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ተሰጥቶ፣ እንግዳው መርቆ ወጣ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ጓዳ ገብታ ከመደቡ ሥር በነጠላ የታሰረ ጥቅል አወጣች። ለእኔ የተደበቀ ስጦታ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። ስትፈታው የእርሷ ሁለተኛ ቀሚስ፣ ማበጠሪያዋ፣ የእኔ ትንሽ ቀሚስ፣ አንድ ከረጢት ቆሎ ወጣ።

«የእኔ ቀሚስ ለምን እዚህ ገባ?» አልኳት።

አባቴ ከኋላችን ቆሟል። ጥቅሉን አየ፣ ከረጢቱን አየ።

«መቼ ነው የታሰረው?» አላት።

«ዛሬ ጠዋት። ትናንት አያ አስማረ ሲመክሩህ ሰማሁ።»

«‹ይፍቱኝ› ብል ኖሮ?»

«ማኅበሩ ሳይነሳ በጓሮ እወጣ ነበር።»

«እሷንስ?»

«እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ።»

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ማንጠግቦሽ፣ ዋንጫውን ስይዘው ጠረኑ ጠራኝ። ነገም ይጠራኛል።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «አየሁህ። አስቀመጥከውም፣ አየሁህ።»

አባቴ ቀሚሴን አነሳና ሊያጥፈው ሞከረ። በሕይወቱ ልብስ አጥፎ አያውቅም፤ አጣጥፎ አጣጥፎ እንደ ድንች አድቦለቦለው። እናቴ ተቀበለችውና ዘርግታ እንደገና አጠፈችው፣ ከዚያ የራሷን ቀሚስ ሰጠችው። እሱንም አበላሸው። ሦስተኛው፣ ማሰሪያው ነጠላ ላይ ትንሽ ተሻለ። ልብሱ ሁሉ ተመልሶ ቦታው ከገባ በኋላ ከረጢቱ ብቻ መሬት ላይ ቀረ። ለመንገድ የተቆላውን ቆሎ እዚያው ጓዳ ተቀምጠን ሦስታችን በላነው።